ያልተነካው ገንፎ

ሙዳሲር አሶሳ ውስጥ የታወቀ የማንጎ ነጋዴ ነበር። ክልሉ አዲስ ሲቋቋም የሰፈሩ ሰው መርጦት ምክር ቤት ገባ። ምላሱ አርፎ አይቀመጥም። በዚያ ረመዳን፣ ስለ እኩልነት ሲወራ ውሎ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጁን አወጣ።

«በዘር እኩል፣ በሃይማኖት እኩል አላችሁ። ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ ሰውስ? እሱን ማሰር ይቅር። ማንንም አልጠቁምም፤ አንዱ እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። አንድም ሰው አልሰደበውም። ሙዳሲርም «በቃ፣ ዋጡት» ብሎ ቀለል አለው።

ፀሐይ ስትጠልቅ እህቱ ኸድራ ያገነፋችውን የማሽላ ገንፎ ከነባምያ ወጡ ይዞ ሰፈሩ መሃል ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወረደ። የሰፈሩ ወንዶች የሚያፈጥሩት እዚያ ነው፤ ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን መሃል ያስቀምጥና፣ የማን የማን ነው ሳይባል አብረው ይጎርሳሉ። ያን ዕለት ግን ራቅ ብላ አንዲት ሰሌን ተነጥፋለች።

«አንተ አሁን ትልቅ ሰው ነህ፤ እዚያ ተቀመጥ» አሉት ሽማግሌው ኦመር፣ ፈገግ ብለው። ምግብም ለብቻው አቀረቡለት።

ክብር መሰለው፤ ገንፎውን እንደ ልማዱ መሃል አስቀምጦ ሄደ። በልቶ፣ መርቆ፣ የገንፎውን ሳህን ከነክዳኑ ይዞ ተመለሰ።

ኸድራ ክዳኑን ከፈተች። ገንፎው ላይ የማንም ጣት አላረፈም።

«ማንም አልነካውም?»

«ጠግበው ነዋ! ነገም ስብሰባ አለ፤ ነገም እጄን አወጣለሁ።»

ኸድራ ግን ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ መቀርቀሪያ ኖሮት የማያውቀውን በር በዘነዘና ደግፋ ዘጋችው።