የአባባ አሻራ

የያዙን በጠራራ ፀሐይ ነው፤ አዳማ፣ ማመልከቻችንን ይዘን ተራ ከምንጠብቅበት ቢሮ በረንዳ ላይ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነበር። ከሸንኮራ እርሻው ሠራተኞች ካምፕ አንድ ሰው ለቀበሌው ምክር ቤት በዕጩነት ይመዝገብልን ይላል። አባቶቻችን ከደቡብ ለአገዳ ቆረጣ የመጡ ናቸው። እኛ እዚያው ካምፕ ተወልደን፣ እዚያው ወልደናል። መዝጋቢው ግን "በየአገራችሁ ሄዳችሁ ተመረጡ" ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶናል። በሦስተኛው ፖሊስ ጠራ።

ያስገቡን ክፍል ሲሚንቶው እርጥብ ነው። ከሃያ በላይ ሰው ጎን ለጎን ይተኛል። ግድግዳው ከዋናው መንገድ አጠገብ ስለሆነ የጅቡቲ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

ከእኔ ጋር የተያዙት ሽማግሌ ናቸው። ካምፑ በሙሉ አባባ ይላቸዋል። አርባ ዓመት አገዳ ቆርጠዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ማመልከቻው ላይ ግን መጀመሪያ አሻራቸውን ያሳረፉት እሳቸው ነበሩ። ስኳር አለባቸው። የግራ እግራቸው ተረከዝ ቆስሎ መሽተት ጀምሯል። ጠዋት በር የሚከፍተው ፖሊስ "አካም ቡልተን" ሲላቸው ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ ቤተሰቡን ሁሉ ይጠይቁታል።

በዘጠነኛው ቀን ሁለታችንንም አስጠሩን። መርማሪው የሚጮህ ሰው አልነበረም። አንድ ወረቀትና የቀለም ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"አንብብላቸው" አለኝ። "አሻራቸውን ካደረጉ ምሳቸውን ቤታቸው ይበላሉ።"

ወረቀቱን አውቀዋለሁ። ማመልከቻው ምን እንደሚል ሳላውቅ፣ ተታልዬ ነው የፈረምኩት ይላል። እኔ ትናንት ተመሳሳዩን ፈርሜያለሁ። ለአባባ አልነገርኳቸውም።

እግራቸውን አየሁ።

"ስለ ጤናዎ ነው፣ አባባ" አልኳቸው። "ወጥተው ይታከሙ ነው የሚለው።"

መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። አባባ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነኩ። ከዚያ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ ቆሙ።

"ልጄ፣ ጽሑፉ ረጅም ነው። አንተ ያነበብከው አጭር ነው።"

እንዳለ አነበብኩላቸው።

"ማን አታለለኝ ነው የሚለው?"

"እኛ።"

"አንተም?"

"እኔም።"

ጣታቸውን ቀስ ብለው በጋቢያቸው ጠረጉ። ወደ መርማሪው ዞሩ።

"ማንም አላታለለኝም። የምፈልገውን ተናግሬ ነው ያስጻፍኩት። እንደዚያ ብለህ ጻፍና አሻራዬን ላድርግልህ።"

"አባት፣ እሱ እርስዎን አይጠቅምም።"

"አውቃለሁ።"

መርማሪው አልጻፈም። በር ላይ ለቆመው ፖሊስ "መልሳቸው" አለ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ፖሊሱ ከኋላችን እየመጣ፣ "ትናንት ፈርሜያለሁ፣ አባባ" አልኳቸው። ጥቂት እንደሄድን "ልጆች አሉህ" አሉኝና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ እየተደገፉኝ እስከ ክፍላችን ሄዱ።

እኔ በዚያው ቀን ከሰዓት ተለቀቅኩ። እሳቸው ምርጫው እስኪያልፍ ቆዩ። ሲወጡ እግሩ የሚድን አልነበረም፤ ሐኪሞቹ ከጉልበት በታች ቆረጡት። የሚቀጥለውን ክረምት አልጨረሱም። ቀብራቸው ላይ የካምፑ ሰው ሁሉ ነበር። ከቀበሌው የመጣ አልነበረም።

አሁንም ምርጫ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ለልጄ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄጄ፣ በር ላይ የተለጠፈውን የዕጩዎች ዝርዝር ቆሜ አነበብኩት። ከካምፑ አንድም ሰው የለበትም። ዘንድሮ ግን ማንንም አልከለከሉም፤ የጠየቀ የለማ። እኔም አልጠየቅኩም።