የሰባኪው ቀይ አፍንጫ

ባለፈው ክረምት ያረፈችው ባለቤቴ ኬጡራ ዕድሜዋን ሙሉ በእንግሊዝ አገር፣ በበርስለም ከተማ ሸክላ ፋብሪካ የሻይ ማንቆርቆሪያ ስትቀባ ኖረች። ሥዕሉን በጥቁር መስመር የሚያትሙት ሌሎች ናቸው፤ ፊቱንና ልብሱን በቀለም የምትሞላው እሷ ነበረች። የኖኅ ርግብም፣ የጠፋው ልጅ ከነአሳማዎቹም በእሷ ብሩሽ ሥር አልፈዋል። አሳማውን ትወድ ነበር። «እኔን አይመስልም ብሎ አይከራከርም» ትል ነበር።

አንድ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ለዓመቱ የሻይ ግብዣ የሰባኪያችን የሚስተር ፔንጌሊ መልክ ያለባቸውን ማንቆርቆሪያዎች አዘዘ። በአንዱ ጎን ፊታቸው፣ በሌላው የመዝሙር ጥቅስ። ከምድጃ ሲወጡ፣ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁት ሰው አፍንጫ ፍም መስሎ ተገኘ።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ወንድም ታምስ አንዱን ይዞ ቤታችን መጣ።

«እህት ኬጡራ፣ ይሄ የሰካራም አፍንጫ ነው።»

«በበረዶው ጊዜ ሜዳ ላይ ሲሰብኩ አይቻቸዋለሁ። እንዲህ ነበር።»

«እሱማ ብርዱ ነዋ።»

«ታዲያ ብርዱን ነው የቀባሁት።»

«የጻድቅ ሰው አፍንጫ እንዲህ አይቀላም።»

ኬጡራ የእሱን ፊት ትክ ብላ አየችው። ታምስ ሳያስበው እጁን ወደ ራሱ አፍንጫ ሰደደ።

«ሰባኪው ከተቀየሙ የዚህን ሩብ ዓመት የአባልነት ካርድ አይሰጡሽም» ብሎ ወጣ።

ያለ ካርዱ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትዘምርበት የጸሎት ቡድን በር ይዘጋባታል። በዚያ ምሽት የአጃ ቂጣዋን ሳትቀምሰው ከገበታ አነሳችው።

ሌላ ማንቆርቆሪያ ለማሠራት ጊዜ አልነበረም። ታምስ መላ አገኘ። በቀኝ እጅ ሲቀዳ ፊቱ ወደ እንግዳው ይዞራል፤ በግራ ከተቀዳ ግን እንግዳው የሚያየው ጥቅሱን ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ በግራ እንዲቀዱ አዘዘ።

በግብዣው ቀን ሻይ ያልገባበት ቦታ ስኒው ብቻ ነበር። ስኳሩ ላይ ፈሰሰ፤ የታምስ አማት እጅጌ ውስጥ ገባ። ከሚቀዱት አንዷ እህት ጣቢታም የሰባኪው ጉልበት ላይ ቀዳችው።

ሰባኪው ብድግ አሉ። «እዚህ ከተማ ቀኝ እጅ ያለው ሰው የለም እንዴ?»

ታምስ ጣሪያውን ያያል። ኬጡራ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ከጣቢታ ተቀበለችና በቀኝ እጇ ስኒውን ሞላችላቸው። ሰባኪውና ሥዕሉ ፊት ለፊት ተያዩ። እሳቸው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ቦታ የሠሩት ሥዕል ጎረምሳ አስመስሎኛል። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር ማነው ትለኛለች። በዚህኛው አትጠይቀኝም።» ጥቂት አሰቡና፣ «ግን እህቴ፣ ትንሽ አላበዛሽውም?»

«ምድጃው የራሱን ጨምሮበት ይሆናል።»

ሰባኪው ሳቁ፤ ያን ጊዜ ሌላውም ለመሳቅ ደፈረ። ካርዶቹን ከኪሳቸው አውጥተው መጀመሪያ የጠሩት የእሷን ስም ነው። ተቀብላ ስሟን አንብባ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

«ጉልበትዎን ቅቤ ይቀቡት፤ እሱም ሳይቀላ አይቀርም» አለቻቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ የጸሎት ቤቱን ጥግ እንዳለፍን ክንዴን ያዘች።

«ኢዮብ፣ ዛሬ ከቅርብ አየኋቸው» አለችኝ። «ቅላቱን አሳንሼ ነው የቀባሁት።»