ጋቢ የለበሰው ሶላር

ላሊበላ ባረፍኩበት ቤት መብራት ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ያለን የጣሪያው ሶላር ብቻ ሲሆን የሚጠብቁት ዘበኛው አባባ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን ይዘው መሰላሉን ይወጣሉ፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ፣ ወርደውም የባትሪውን ትንሽ መብራት ጎንበስ ብለው እንደ ታማሚ ያዩታል።

ዛሬ ስልኬ አልሞላ ሲለኝ ተናድጄ ወጣሁ። ሶላሩ ጋቢ ለብሷል።

«አባባ፣ ምነው ሸፈኑት?»

«ዛሬ ማርያም ናት፣ ልጄ። ሲደክም ነው የከረመ፤ እሱም አንድ ቀን ይረፍ እንጂ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በር አለብኝ። በር ያለ ሰው አይውልም።»

ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ስስ ሸሚዛቸውን ያርገበግበዋል። ያላቸው ጋቢ ያው ጣሪያ ላይ ያለው ነው።