የሾፌሩ ብርጭቆ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። ዝናብ ነው እንዳይሉት ጃንጥላ አያስዘረጋ፣ አይደለም እንዳይሉት አስፋልቱን ሳሙና አስመስሎታል። ታላቅ ወንድሜ የቢራ ፋብሪካውን መኪና ይዞ ከድልድዩ በላይ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ አንድ አውቶቡስ ድንገት ፊቱ ቆመ። እሱን ላለመግጨት መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው በጎኑ ተኛ።

ሰው አልሞተም፤ የሞተው ቢራው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባልዲና ጣሳ ይዞ ወጣ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ጠርሙስ ያቀፈ፣ ጥርሱን የገለፈጠ ሰው ፎቶ ወጣ። ርእሱ «መኪናውም ሰከረ» ይላል። የወንድሜን የጎድን አጥንት መሰበር ማንም አላነሳም። ከዜናው ሥር የዚያው ፋብሪካ ማስታወቂያ ነበር፤ እናት፣ አባትና ልጆች ጠረጴዛ ከበው፣ «ለጤናዎ» የሚል። ያኔ ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰው ሰክሮ ገደል ሲገባ ጋዜጣው ይቀልድበታል፣ ሬዲዮውም ከዜና በፊት ለቢራ ይዘፍናል። ነውር ነው የሚል አልነበረም።

ወንድሜ ግን አይጠጣም። አባታችንን የቀበርነው በመጠጥ ምክንያት ነው፤ የዚያን ዕለት ጠብታ በአፌ አይዞርም ብሎ ለእናታችን ቃል ገባ። ታዲያ የቢራ መኪና ምን አስነዳው ብትሉ፣ ሥራ ተመርጦ አይገኝም።

ጣጣው ሌላ ነው። ሳጥን ባራገፈበት መጠጥ ቤት ሁሉ ለሾፌሩ አንድ ብርጭቆ ይቀዳለታል። ያን መመለስ ባለቤቱን ንቄሃለሁ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አመስግኖ ይቀበልና፣ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ፣ ዞር ሲሉለት ለጫኝ አውራጁ ያቀብላል። ጫኝ አውራጁን በርሜል ነው የምንለው፤ ቢቀዱበት አይሞላም። መኪናው የተገለበጠ ለት በርሜል ጋቢና ውስጥ ያንኮራፋ ነበር። ያኔ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ የሚመረምረው የፖሊስ አፍንጫ ነው። አፍንጫውም ጋቢናውን አሸተተና ፈረደ።

ፋብሪካው ኮሚቴ አቋቋመ። ጠጥቶ ከተገኘ ይባረራል፣ መንጃ ፈቃዱንም ይነጠቃል። ከመሪ ሌላ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። ደንበኞቹ ይህን ሲሰሙ ሳይጠሩ ሊመሰክሩለት መጡ። መጀመሪያ የተነሳችው ቀዮ የምንላት የድልድዩ ሥር መጠጥ ቤት ባለቤት ነበረች፤ የክት ልብሷን ለብሳለች።

«እሱን ክፉ የሚል ምላሱ ይቆረጥ» አለች። «እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ ሾፌር አላየሁም። አንድ ቀን ብርጭቆዬን መልሶ አያውቅም።»

«የዚያን ቀንስ?» አላት ሰብሳቢው።

«የዚያን ቀንማ ብርድ ስለነበር ደግሜለታለሁ።»

ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ ወታደር ተነሳ፤ እሱም መጠጥ ቤት አለው። «እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነበር። መጠጥ ይችላል። ስንቱ በሁለት ብርጭቆ ሲንገዳገድ እሱ ፍንክች አይልም» አለ።

ከወንድሜ ጎን ተቀምጬ ነበርና ብድግ ብዬ፣ «ኧረ ወንድሜ አይጠጣም» አልኩ።

«እህቴ፣ ዓሣ አይዋኝም እያልሽን ነው?» አለኝ ሰብሳቢው። ቤቱ ሳቀ።

ቁጭ ብዬ በወንድሜ ጆሮ፣ «ጋሼ፣ ለበርሜል እንደምትሰጠው ንገራቸው እንጂ» አልኩት። በርሜል ከኋላችን ጫማውን ያያል።

«ይህን ሁሉ ዓመት የቀዳሽልኝን አልጠጣሁም ልበላት? እዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አለኝ፣ ቀዮን እያየ።

«አዎ፣ በላት።»

«ተዪኝ እስቲ፣ እቴ።»

ሰብሳቢው የሚለው እንዳለ ሲጠይቀው ተነስቶ፣ «ሥራቸውን ፈትተው የመጡልኝን ሰዎች አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ፈረዱበት። ስንወጣ ቀዮ እጁን ይዛ፣ «አልረዳንህም እንዴ?» አለችው።

«ረድታችሁኛል እንጂ፣ እትዬ» አላት።

እኔ ዓመታት ተናደድኩበት። ኋላ ንዴቱም ደከመው መሰለኝ፣ ተወኝ።

አሁን ወንድሜ እኔ ጋ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል። ቀን ቀን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ጎማ ሲነፋ ይውላል።