ነጩ ወፍና ሁለተኛው ምስክር

ባለፈው እሑድ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አንድ ዘንቢል ሙሉ ዘይቱን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ነበር። ሽታው መኪናውን ሞላው። ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለኔ ያ ሽታ የመነጽር ማንጠልጠያ ሽታ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ መርሳ ውስጥ የተፈጥሮ ክበብ ነበረን። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ አሥራ አንድ ተማሪ፣ አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ አንድ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና አንድ ልባሱ የጠነከረ መዝገብ ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ወንዙን ይዘን ወፍ ልናይ እንወርዳለን። ወላጆቻችን «ወፍ ለማየት ደግሞ ክበብ ያስፈልጋል?» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ወፉ በየደጃፋችን ነበር።

መነጽሩ አንድ ስለሆነ በቆጠራ ነበር የምናይበት። አንዱ ሲያይ ቀጣዩ ባለተራ በሹክሹክታ እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ ሃያ ሲሞላ ማንጠልጠያው ከአንገት ወደ አንገት ያልፋል። መንገዱን ሁሉ ዘይቱን እየበላን ስለምንሄድ ያ የቆዳ ማንጠልጠያ የጣታችንን ጭማቂ ጠጥቶ ዘይቱን ዘይቱን ይሸት ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ተራው የጓደኛዬ ነው፤ አባቷ መርሳ ገበያ ነጋዴ ነበሩ። እሷ ስትቆጥርብኝ ከአሥራ ሁለት ዘልላ አሥራ ስድስት ትላለች። ስይዛት «ሱብሃነላህ፣ አንቺ በዓይንሽ ነው በጆሮሽ የምታዪው?» ብላ ትስቃለች።

መዝገቡ ደግሞ ሕግ ነበረው፤ መምህራችን እንደ ጾም የሚጠብቁት ሕግ። አንድ ወፍ እንዲመዘገብ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ በዓይኑ ማየት አለበት። የወፉ ስም፣ ቦታው፣ ቀጥሎ «አንደኛ ምስክር»፣ «ሁለተኛ ምስክር»፣ ፊርማ። «አንድ ሰው ብቻ ያየውን ወሬ በሉት» ይሉን ነበር።

የመሬት ሽግሽጉ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበርና መዝገብና መነጽር ይዞ ማሳ ዳር የሚቆም ሰው ገበሬውን ያስደነግጠዋል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን አቁመው መጡና «ዘንድሮም መሬት ልትለኩ ነው እንዴ?» አሉን። መምህራችን «የለም አባቴ፣ ወፍ ነው የምንመዘግበው» ቢሏቸው ትንሽ አሰቡና «ዛሬ ወፉን፣ ነገ ዛፉን፣ ከነገ ወዲያ ማሳውን ነዋ! አውቃችኋለሁ!» አሉ። መምህራችን አልተቆጡም። ማንጠልጠያውን አውልቀው ለሽማግሌው አጠለቁላቸው፤ እኛም እስከ ሃያ ቆጠርንላቸው። ሽማግሌው ከሁሉ ቀድመው ያዩት የራሳቸውን በሬ ነው። «አጃኢብ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወዳጃችን ሆኑ።

መምህራችን ግን አንድ ያልተመዘገበላቸው ወፍ ነበር። ወንዝ ዳር ሾላ ውስጥ የሚውል፣ ራሱ ጥቁር፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም ትንሽ ወፍ አለ። ቀዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነጭም አለው፤ እሱን ከመካከላችን ያየ አልነበረም። ነጩን ፍለጋ ሲሪንቃ ድረስ በእግር፣ ውርጌሳ ድረስ በጭነት መኪና ይዘውን ሄደዋል። «እዚህ አገር አለ። መዝገባችን ውስጥ ሳላስገባው ጡረታ አልወጣም» ይሉን ነበር። ጡረታቸው ግን ደርሶ ነበር፤ ዓይናቸውም እንደ ድሮው አልነበረም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ መስመር ይስታሉ፤ ወፉንም ከማየት ይልቅ በድምፁ መለየት አብዝተዋል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አናነሳውም።

አንድ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ወንዙ ጠርቷል፣ የማሽላው ራስ መቅላት ጀምሯል። ከትልቁ ሾላ ሥር ስንደርስ መምህራችን እጃቸውን አነሱ፤ ቆምን። መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ «እሱ ነው» አሉ። ያን ቀን የቆጠረባቸው የለም። ከሁሉ ቅርብ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ማንጠልጠያውን ለኔ አጠለቁልኝ። «ቶሎ! ከላይኛው ቅርንጫፍ፣ በግራ በኩል!»

አየሁ። ከላይኛው ቅርንጫፍ፣ በግራ በኩል፣ አንድ የተቀደደ ነጭ ፌስታል ተሰቅሎ በነፋሱ ይውለበለባል። ደጋግሜ ፈለግሁ፤ ሌላ ነጭ ነገር የለም።

ምናለ «አላየሁም» ብቻ ብል። «ኧረ ቲቸር፣ ፌስታል ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። እውነቱን መናገሬ ብቻ አልነበረም፤ የኔ ዓይን እንዴት ስል እንደሆነ ሰው እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነው። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። ጓደኛዬ ብቻ አልሳቀችም፤ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

መምህራችን ፈገግ ለማለት ሞከሩ። በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ መዝገቡን ከፈቱ፣ የወፉን ስም ጽፈው በአንደኛው ምስክር ቦታ ፈረሙ። ሁለተኛውን ባዶ ተዉት። ማንጠልጠያውን ልመልስላቸው ስል «ያዢው፣ ከእንግዲህ የምታዪው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መነጽሩን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ አላየኋቸውም። ቅዳሜውም እየቀረ መጣ። ሰኔ ላይ ጡረታ ወጥተው ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ አስቤ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። እውነት ለተናገሩት ነገር ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል?

ከብዙ ዓመት በኋላ ጓደኛዬ የአባቷን ዓይን ልታሳክም ወልድያ ሄዳ መምህራችንን ወረፋ ላይ አገኘቻቸው። ወፉን ይለዩ እንደነበረው በድምጿ ለዩዋት። ቤታቸው ወስደው መዝገቡን ሰጧት። «ለዚያች ለፌስታሏ ልጅ አድርሽልኝ። አንድ ፊርማ ይጎድለዋል በያት» አሉ። «ወላሂ እየሳቁ ነው ያሉት» ብላኛለች። እኔ ያኔ ገና ወልድያ አልገባሁም ነበር፤ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ስል ስል ሞቱ።

አሁን መርሳ የሄድኩት ለዚችው ጓደኛዬ ልጅ ሠርግ ነበር። እሑድ ጠዋት እንግዳው ሳይነሳ ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሾላው ግማሹ ደርቋል። ፌስታሉ ዛሬ በየቅርንጫፉ ነው። ልመለስ ስል ከአንዱ ፌስታል ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለና ረጅም ጅራቱን እየጎተተ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወረደ። ራሱ ጥቁር ነበር። ሳላውቀው መቁጠር ጀምሬያለሁ፤ አሥራ አራት ላይ ስደርስ በረረ።

ያን ዕለት ከፌስታሉ ጀርባ ነበረ ይሆን? አላውቅም፤ ከእንግዲህም አላውቅም።

ቤቴ እንደገባሁ መዝገቡን ከፈትኩ። በሳቸው መስመር ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ ልፈርም እስክሪብቶ አነሳሁ። ግን በአንድ ጊዜ አላየነውም። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ መስመር አሰመርኩ፤ የወፉን ስም፣ የሾላውን ቦታ ጽፌ በአንደኛው ምስክር ቦታ ፈረምኩ። ሁለተኛውን ባዶ ተውኩት።

ቲቸር ቢኖሩ ኖሮ ማንጠልጠያውን በአንገታቸው አጥልቄ፣ ሃያውን ቀስ ብዬ እቆጥርላቸው ነበር።