የኔማቱሎ ቃጭል

ከሳቲባልዲ ጓሮ እስከ ማዶው መንደር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እግሩ ከረገጠው ግን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እሱ ኪርጊዝ ነው፣ ማዶ ያሉት ታጂኮች ናቸው፣ በመሐል የመስኖ ቦይና ወታደር አለ። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ሩሲያ ገብተው ቀርተዋል። ግድግዳው ላይ ሁለት ክሩ የተበጠሰ ቤዝ ጊታር ተሰቅሏል።

ያን ጊታር አትናቁት። በሶቪየት ዘመን የእርሻ ማኅበሩ የራሱ ባንድ ነበረው፤ ከቦዩ ወዲህም ወዲያም ያለ እነሱ ሰርግ፣ ሰርግ አይባልም። ሳቲባልዲ ቤዙን፣ የማዶው ኔማቱሎ ድራሙን ይይዛሉ። በሬዲዮ የሰሙት ፈንክ የሚባል የውጭ ሙዚቃ ውስጥ እንደ ቃጭል ቅጭል ቅጭል የሚል ነገር አለ፤ እሱ ከየት ይምጣ? ኔማቱሎ ከአባቱ ላም አንገት ቃጭል ፈትቶ ድራሙ ላይ በሽቦ አሰረው። ላሚቱ ያለ ቃጭል ሦስት ቀን ጠፋች፣ አባትየው ዱላ አነሱ። እሱ ግን አልመለሰም። ቃጭሉ ሲመታ ሰርገኛው የፕሎቩን ሩዝ ሳህን ትቶ ይነሳል።

በኋላ ባንዱ ፈረሰ፣ አገሩም ፈረሰ። ሳቲባልዲ እረኛ ሆነ፤ ኔማቱሎም ቃጭሉን ወደ ላም አንገት መለሰው። በየጸደዩ ላሙን ለወዳጁ ያስረክባል፣ ሳቲባልዲ ወደ ላይኛው ግጦሽ ይወጣል፣ መከር ላይ ይመልሳል። ኔማቱሎ ሲያስረክብ ሁሌ ያቺኑ ቀልድ ይደግማል፦ ካንተ ይልቅ እሷ ምት ትጠብቃለች።

በዚያ ሸለቆ ከብት የሚሸጥ ሰው ቃጭሉን ለራሱ ያስቀራል፣ በረከቱ ከቤት እንዳይወጣ። ከብቱ ባዶ አንገቱን ከመጣ ነገሩ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲያ በሰጪና በተቀባይ መካከል ምንም የለም። የአደራ ከብት ግን ከነቃጭሉ ነው የሚመለሰው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሳቲባልዲም ያውቃል፣ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ራሱን የሚረግመው።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ በመከር፣ በግጦሽ የተነሳው የሁለቱ ወገን ጠብ ወደ ተኩስ ዞረ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። መንገዱ ተዘጋ፣ ላሚቱ ሳቲባልዲ በረት ውስጥ ቀረች። የመንደሩ ጎረምሶች ተሰብስበው መጡ።

«ጋሼ፣ የእነሱን ላም ትቀልባለህ አሉ።»

«የኔማቱሎ ናት እንጂ የእነሱ አይደለችም።»

«እንግዲያው ነገ እናርዳታለን።»

በማግስቱ ማለዳ ጉም ወርዶ ነበር። ላሚቱን ወደ ቦዩ ነዳት። ወታደሩ ቅርብ ነው፣ ቃጭሉ አንዴ ቢጮህ ያበቃል፤ ስለዚህ ፈትቶ ጉያው ውስጥ ከተተው። ዳሌዋን መታ አደረጋት። ቤቷ ሸቷት ኖሮ ዞር ብላ ሳታየው ውኃውን ተሻገረች። ያን ቀን እንደ ልጅ ደስ ብሎት ዋለ።

ማታ ኔማቱሎ ደወለ።

«ላሚቱ ደርሳለች። አንገቷ ባዶ ነው። ገባኝ፣ ሳቲባልዲ።»

«ኧረ ወታደሩ እንዳይሰማ ብዬ...»

ስልኩ ተዘግቷል። ደጋግሞ ደወለ፣ የሚያነሳ የለም። ከወር በኋላ ቁጥሩም መሥራት አቆመ። እኔ ኔማቱሎን እቀየመዋለሁ፤ ለአርባ ዓመት ወዳጅ አንዲት ጥያቄ ይነፈጋል? ግን በዚያ ሳምንት የእህቱን ልጅ ቀብሮ ነበር፤ ምን ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ሳቲባልዲ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቃጭሉንና ማንኪያ ይዞ ጓሮው ጫፍ ይቆማል፤ የድሮውን የሰርግ ምት ይመታል። ኔማቱሎ ከሰማው ያውቀዋል፣ የራሱ ምት ነው። ወታደሩ መጀመሪያ ይጮህበት ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ከማዶ ግን ምንም የለም።

ባለፈው ሰሞን መልስ መጣ። ላሚቱ ናት፤ ረዘም አድርጋ እምቧ አለች። ሳቲባልዲ ምቱን ደገመው፣ እሷም ደገመች። ከዚያ የሚያውቀው ድምፅ፣ አርጅቶ፣ ቀስ ብሎ «ዝም በይ አንቺ» አላት። የበረቱ በር ተዘጋ።

ማንኪያውን ኪሱ ከትቶ ገባ፤ እራት አልበላም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወጣ።