ከመርከቧ የወረደው ውኃ

የያዙኝ መጋዘኑ በር ላይ ነው። ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉና በጂፕ ወሰዱኝ። በባሕር ኃይሉ ስንቅ ክፍል መርከብ ላይ የሚጫነውን የማስረክብ ሴት ሠራተኛ ነበርኩ። ያን ሰሞን ባሕር ኃይሉና እግረኛ ጦሩ አንድ ላይ ሆነው አንዲት ደሴት ላይ ዘመቱ። ጦሩን የያዘችው መርከብ ልትነሳ ስትል አንድ ሻለቃ መጣና ለጥይት ቦታ ይለቀቅ ብሎ የመጠጥ ውኃውን አስወረደ። ደሴቷ ላይ ጠብታ ውኃ እንደሌለ ያውቃል። በሌላ መርከብ ይከተላል አለ። አልተከተለም። ብዙዎቹ ወታደሮች በውኃ ጥም አለቁ።

ባሏ ያልተመለሰ አንዲት ሴት ለምናኝ እውነቱን ነገርኳት። በማግስቱ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆማ ባሌን በውኃ ጥም ገደላችሁት ብላ ጮኸች።

እስር ቤት ስገባ ያቺን ሴት ቀድማኝ ገብታ አገኘኋት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ጆሮዋ ሥር ደም ደርቋል። የቆርቆሮው ጣሪያ ይፋጃል፤ የሽንት ባልዲው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ማን ነገረሽ እያሉ ሲመቷት ስሜን እንዳልጠራች ሹክ አለችኝ። እኔን ያገኙኝ የውኃውን መውረድ ያየን ጥቂት ስለነበርን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ይዟል። ሴትዮዋ ወሬውን ከራሷ ፈጥራ ነው ብዬ ከመሰከርኩ ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳኝ። ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። ንዴቴ ከጥሜ በለጠ። ተቀብዬ ለእሷ ሰጠኋት። ሳትተነፍስ ጨረሰችው።

«ውኃውን ያስወረዱት እርስዎ ነዎት» አልኩት። «ቆሜ አይቻለሁ።»

ብርጭቆውን ነጥቋት ሄደ። እሷን ብዙም ሳይቆዩ ፈቷት። እኔን ግን ብዙ ገረፉኝ፤ ቃሌን አልቀየርኩም።

ዛሬ በስደት አርጅቻለሁ። ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ በሚባለው ሰፈር የቀድሞ ወታደሮች ምሳ ነበራቸው። የእህቴ ልጅ ከምንኖርበት ከቫን ናይስ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። አንድ ሽማግሌ ማይክ ይዘው ያን ዘመቻ አነሱ፤ የባሕር ኃይሉና የጦሩ ቅንጅት ግሩም ነበር፣ የጎደለ ነገር አልነበረም አሉ። ሰዉ አጨበጨበ።

«እትዬ፣ ኦኬ ነሽ? ሶ እንሂድ?» አለችኝ ልጅቷ ፊቴን አይታ።

ቆይ አልኳት። ማይኩን ተቀብዬ የዚያችን ሴት ባል ስም ጠራሁና በውኃ ጥም መሞቱን፣ ውኃውም በማን ትእዛዝ እንደወረደ ተናገርኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ሰው ሲያረጅ ንዴቱ ይበርዳል ይሉኛል። የእኔ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም።